ማሰሪያ የሌለው ረጅም ጽሑፍ፦ በእንግሊዝኛ ጎዶሎውን ከሙሉ ዓረፍተ ነገር የምለይበት መንገድ

በእንግሊዝኛ በተጻፉ የመመረቂያ ጽሑፎችና የሥራ ሪፖርቶች ውስጥ ከፊደል ግድፈት ይልቅ ጊዜዬን የሚወስደው፣ ዓረፍተ ነገር ሳይሆን ነጥብ ተደርጎበት የተዘጋ ጽሑፍ ነው። በእንግሊዝኛው ሰዋስው ፍራግመንት ይባላል፤ እኔ እዚህ ጎዶሎ ዓረፍተ ነገር እያልኩ እጠራዋለሁ። የምኖረው ጅማ ነው፤ ሥራዬም በኮምፒዩተር መጻፍና የተጻፈውን ማረም ነው። የጅማ ዩኒቨርሲቲ በ1992 ዓ.ም. የተመሠረተው የግብርና ኮሌጁና የጤና ሳይንስ ተቋሙ ተዋህደው ስለሆነ ይሁን ወይም የአካባቢው ኑሮ ራሱ ስለሚያስገድድ፣ በእጄ የሚያልፈው የእንግሊዝኛ ጽሑፍ በአብዛኛው ስለ ቡና፣ ስለ ወባ፣ ስለ እናቶች ጤናና ስለ ከብት እርባታ ነው። ከተማሪዎች ሌላ የወረዳ ግብርና ባለሙያዎችና የገበሬ ማኅበራት ጸሐፊዎችም ለረጂ ድርጅቶች የሚላክ ሪፖርት ይዘው ይመጣሉ። ከእነዚህ ሰዎች ጋር ጎን ለጎን ተቀምጬ ሳስረዳ የሠራልኝን መንገድ ነው ከዚህ በታች የምጽፈው። የእንግሊዝኛ ምሳሌዎቹን እንደ አነባበባቸው በፊደላችን አስፍሬያቸዋለሁ።

በመጀመሪያ መፍረስ ያለበት እምነት ርዝመትን የሚመለከተው ነው። አንድ የድኅረ ምረቃ ተማሪ የሚከተለውን ጽፎ አመጣ፦ «ኮፊ ፋርመርስ ሊቪንግ ኢን ዘ ዲስትሪክትስ አራውንድ ጅማ ሁ ሴል ዜር ሬድ ቼሪስ ቱ ዘ ዋሺንግ ስቴሽንስ ዱሪንግ ዘ ሃርቨስት ሲዝን ኤንድ ዘ ሬስት አዝ ድራይ ቼሪ።» ጎዶሎ ነው ስለው፣ «ኧረ ጋሼ፣ ይህን ሁሉ መስመር ይዞ እንዴት ይጎድላል?» አለኝ። ወደ አማርኛ መልሰን አብረን አነበብነው፦ በጅማ ዙሪያ ባሉ ወረዳዎች የሚኖሩ፣ በለቀማ ወቅት እሸት ቡናቸውን ለመፈልፈያ ጣቢያ፣ የቀረውን ደግሞ ጀንፈል አድርገው የሚሸጡ ቡና አምራች ገበሬዎች። «እሺ፣ ገበሬዎቹ ምን ሆኑ?» ብዬ ስጠይቀው ሣቀ፤ ጽሑፉ የሚናገርላቸውን ሰዎች በዝርዝር ካስተዋወቀ በኋላ ስለ እነርሱ አንዳች ነገር ሳይናገር መቆሙን ራሱ አየው። በአንጻሩ «ኢት ሬይንድ» ሁለት ቃል ብቻ ሆኖ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው። ስለዚህ ርዝመት ለዚህ ጉዳይ ምንም ምስክርነት የለውም።

ሁለተኛው እምነት ከመማሪያ መጻሕፍት የመጣ ስለሆነ ለመንቀል ይበልጥ ያስቸግራል። ዓረፍተ ነገር ማለት ሙሉ ሐሳብ የሚገልጽ የቃላት ስብስብ ነው የሚለውን ብያኔ ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን፤ ነገር ግን በተግባር ሲሞከር ብዙ አይረዳም። «ኢት ዋዝ ድራይድ ኦን ሬይዝድ ቤድስ» የሚለውን፣ ማለትም ከፍ ባለ የማድረቂያ አልጋ ላይ ደረቀ ወይም እንዲደርቅ ተደረገ የሚለውን፣ ለብቻው ያየ ሰው ምን እንደደረቀ ስለማያውቅ ሐሳቡ ሙሉ አልሆነም ሊል ይችላል፤ በሰዋስው ግን ምንም የሚጎድለው የለም። በሌላ በኩል «ቢኮዝ ኦፍ ዘ ሎው ፕራይስ» የሚለውን ያነበበ ሰው ምክንያቱ ዝቅተኛ ዋጋ መሆኑን ስለተረዳ ሐሳቡ ደረሰኝ ይላል፤ ይህ ግን ዓረፍተ ነገር አይደለም። ሐሳብ ተሟላ አልተሟላም የሚለው እንደ አንባቢው ስለሚለያይ፣ እኔ ተማሪዎቼን ትርጉሙን ለጊዜው እንዲተዉትና ቅርጹን እንዲመረምሩ እነግራቸዋለሁ።

ቅርጹን ለመመርመር የሚያስፈልገው መሣሪያ ደግሞ በአማርኛ ክፍለ ጊዜ የተማርነው ማሰሪያ አንቀጽ፣ ማለትም ዓረፍተ ነገሩን የሚዘጋው ዋና ግሥ ነው። ማንኛውም አማርኛ ተናጋሪ «ዝናቡ ስላቆመ» ብሎ አራት ነጥብ አያኖርም፤ «ስለ» ግሡን ስለለወጠው ነገሩ እንዳልታሰረ ጆሮው ይነግረዋል። «ሲያቆም»፣ «ቢያቆምም»፣ «ያቆመው»፣ «አቁሞ» የሚሉትም እንዲሁ ናቸው። በአማርኛ ግሡ በመጨረሻ ይመጣል፤ ጥገኛ የሚያደርገው ምልክትም በራሱ በግሡ ላይ ይለጠፋል፤ በዚህም ምክንያት ጎዶሎነቱ የሚሰማን ልክ ልንዘጋ በምንደርስበት ቦታ ላይ ነው። በአፋን ኦሮሞ የተማሩ ልጆችም ግሣቸው በመጨረሻ የሚመጣ ስለሆነ ጆሯቸው የለመደው ይህንኑ ሥርዓት ነው።

እንግሊዝኛ ግን ጥገኛ የሚያደርገውን ቃል ከፊት ያኖረውና ግሡን ሳይነካው ይተወዋል። «ቢኮዝ ዘ ሬይን ስቶፕድ» በሚለው ውስጥ «ስቶፕድ» የሚለው ግሥ «ዘ ሬይን ስቶፕድ» ከሚለው ሙሉ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ካለው በምንም አይለይም። የእኛ ጆሮ ደግሞ ፍርዱን የሚሰጠው መጨረሻውን ሰምቶ ነው። መጨረሻው ላይ ደኅና ግሥ ሲያገኝ ተዘግቷል ብሎ ያልፋል፤ መጀመሪያ ላይ የተቀመጠችው «ቢኮዝ» ግን ነገሩን ሁሉ ጥገኛ አድርጋዋለች። በእኔ ግምት በአካባቢያችን በሚጻፈው እንግሊዝኛ ጎዶሎ ዓረፍተ ነገር የሚበዛበት ዋናው ምክንያት የተማሪው ስንፍና ሳይሆን ይህ የቦታ ልዩነት ነው፤ መድኃኒቱም ዓይንን ወደ መጀመሪያው ቃል መመለስ ነው።

እንግዲህ አንድ ጽሑፍ በነጥብ ተዘግቶ ሳገኘው በቅድሚያ የምፈልገው ጊዜን የሚያመለክት ግሥ ነው። ግሡን ለማግኘት ከፊቱ ትናንት ወይም ነገ የሚል ቃል ጨምሬ አነበዋለሁ፤ ጊዜው ሲለወጥ አብሮ መለወጥ የሚገባው ቃል ማሰሪያ ለመሆን የሚችለው እርሱ ነው። ከዚያ የዚያን ግሥ ባለቤት እፈልጋለሁ። ባለቤቱና ግሡ ከተገኙ በኋላ ከፊታቸው «ቢኮዝ»፣ «ኦልዞው»፣ «ዌን»፣ «ኢፍ»፣ «ሲንስ»፣ «ዋይል»፣ «አንለስ»፣ «ዌርአዝ»፣ «ሁ»፣ «ዊች» ወይም «ዛት» የሚል ጥገኛ አድራጊ መኖር አለመኖሩን አያለሁ። ካለ፣ ያ ግሥ ለጥገኛው ክፍል ስለዋለ ሌላ ግሥ ከነባለቤቱ መፈለግ ግድ ይሆናል። ከላይ ባየነው የገበሬዎቹ ምሳሌ ውስጥ «ሴል» የሚለው ግሥ ነበረ፤ ነገር ግን «ሁ» ወስዳዋለች። «ሊቪንግ» ደግሞ ከመጀመሪያውም ማሰሪያ ሊሆን የሚችል አልነበረም።

በ«ኢንግ» የሚያልቁት ቃላት ጥቂት ማብራሪያ ይፈልጋሉ። «ዘ ትሬደርስ ሴሊንግ ኮፊ ኢን ሂርማታ» የሚለውን ብዙ ሰው ነጋዴዎቹ በሂርማታ ገበያ ቡና እየሸጡ ነው እንደማለት አድርጎ ይጽፈዋል። ትናንትና ነገ የሚሉትን ብንጨምርበት «ሴሊንግ» ፍንክች አይልም፤ ጊዜ አይቆጥርም ማለት ነው። «አር» ወይም «ዌር» ሲገባ ግን ጊዜውን የሚሸከም ቃል ተገኘና ዓረፍተ ነገሩ ቆመ። በአማርኛችን «ነጋዴዎቹ ቡና ሸጠው» ብለን እንደማናቆመው ሁሉ «ሴሊንግ» ብቻውን አያስርም፤ «ሸጠው»ን የሰዋስው መምህሮቻችን ቦዝ አንቀጽ ይሉት እንደነበር የሚያስታውስ ሰው ነገሩን ቶሎ ይይዘዋል፣ ምንም እንኳ ሁለቱ አንድ ዓይነት ቅርጾች ባይሆኑም። «ቱ» የሚቀድመው ግሥም ተመሳሳይ ነው፤ «ቱ ኢምፕሩቭ ዘ ኳሊቲ ኦፍ ዘ ኮፊ» ጥራቱን ለማሻሻል ብሎ ይቆማል፤ ማን ምን እንዳደረገ ገና አልተነገረም።

ከሁሉም ይልቅ የሚያታልለው ግን በ«ኢድ» የሚያልቀው ግሥ ነው፤ በተለይም የጥናት ዘዴ በሚገለጽበት ምዕራፍ ውስጥ ይበዛል፣ ምክንያቱም በዚያ ምዕራፍ ሁሉም ነገር የሚሰበሰብ፣ የሚለካና የሚመዘገብ ነው። «ዘ ሳምፕልስ ኮሌክትድ ፍሮም ማና ኤንድ ጎማ ዲስትሪክትስ» ተብሎ ይጻፍና ነጥብ ይደረግበታል። «ኮሌክትድ» ኃላፊ ጊዜ ስለሚመስል ማሰሪያ የተገኘ ይመስላል። በአማርኛ «ናሙናዎቹ ተሰበሰቡ» እና «የተሰበሰቡ ናሙናዎች» በአንዲት «የ» ይለያያሉ፤ በእንግሊዝኛ ግን «ኮሌክትድ» ለሁለቱም አገልግሎት አንድ መልክ ነው ያለው። የትናንትና የነገ ፈተና እዚህ ላይ ይደናገራል፤ ስለዚህ ሌላ ፈተና እጠቀማለሁ፤ ከማውቃቸው ሁሉ የምወደውም ይህንን ነው። በ«ኢድ» የሚያልቀውን ግሥ አውጥቼ፣ ኃላፊ ጊዜውና ሦስተኛው ቅርጹ የሚለያይ ግሥ፣ ለምሳሌ «ቴክ»ን፣ አስገባበታለሁ። «ቱክ» ከተስማማ ግሡ ማሰሪያ ነው፤ የሚስማማው «ቴክን» ከሆነ ግን ገላጭ ብቻ ነው። «ዘ ስቱደንትስ ኮሌክትድ ሳምፕልስ» ለሚለው «ዘ ስቱደንትስ ቱክ ሳምፕልስ» ማለት ይቻላል፤ ሙሉ ነው። «ዘ ሳምፕልስ ኮሌክትድ ፍሮም ማና» ለሚለው ግን «ዘ ሳምፕልስ ቱክ ፍሮም ማና» ብንል ናሙናዎቹ ራሳቸው ከማና ወሰዱ ማለት ይሆናል፤ የሚስማማው «ዘ ሳምፕልስ ቴክን ፍሮም ማና» ነው፤ ስለዚህ ወይ ከ«ኮሌክትድ» በፊት «ዌር» ትገባለች፣ ወይም ናሙናዎቹ ምን እንደሆኑ በሌላ ግሥ ይነገራል። ይህንን ፈተና የለመዱ ሰዎች የዘዴ ምዕራፋቸውን ያለ እኔ እርዳታ አርመው ሲያመጡ አይቻለሁ።

የባለቤት መጉደልም ከቋንቋችን ጠባይ የሚመጣ ነው። «መጣ» ስንል ባለቤቱ በግሡ ውስጥ ስላለ ሌላ ቃል አንፈልግም። እንግሊዝኛ ግን ትእዛዝ ካልሆነ በቀር ባለቤቱን ለብቻው እንዲጻፍ ይጠይቃል፤ «ኬም ፍሮም አጋሮ» የሚለው ማን እንደመጣ ከበፊቱ ዓረፍተ ነገር ቢታወቅም በመደበኛ ጽሑፍ ጎዶሎ ነው። በሪፖርቶች ላይ ይበልጥ የማገኘው ደግሞ «ኢዝ ኔሰሰሪ ቱ ድራይ ዘ ኮፊ» የሚለው ነው። ቡናውን ማድረቅ አስፈላጊ ነው ለማለት የሚጀምረው ከ«ኢት» ነው፤ ይህች «ኢት» ምንም ነገር አታመለክትም፤ የባለቤቱ ቦታ ባዶ እንዳይሆን ብቻ ትቀመጣለች፤ «ኢት ሬይንድ» ውስጥ ያለችውም እርሷው ናት። ትእዛዝ ሲሆን ግን «ራይት ዩር ኔም ሂር» ያለ ባለቤት ሙሉ ነው።

በ«ቢኮዝ» ዓረፍተ ነገር መጀመር ክልክል ነው የሚለውን ሕግ በየትምህርት ቤቱ ያልሰማ ተማሪ የለም። ሕጉ ልጆችን ከጎዶሎ ለመጠበቅ ታስቦ የተነገረ ሳይሆን አይቀርም፤ እንዲያው ሲታይ ግን ትክክል አይደለም። «ቢኮዝ ዘ ሬይን ስቶፕድ፣ ዘ ፋርመርስ ስፕሬድ ዘ ኮፊ አጌን» ዝናቡ ስላቆመ ገበሬዎቹ ቡናውን እንደገና አሰጡት የሚል ነውር የሌለበት ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው፤ «ስፕሬድ» የሚለው ግሥ ከነባለቤቱ ከጥገኛው ክፍል ውጭ ቆሟል። ጥገኛው ክፍል ሲቀድም በመካከላቸው ኮማ ይገባል፤ ሲከተል ብዙውን ጊዜ አይገባም። ሕጉን በጥሬው የያዙ ተማሪዎች «ቢኮዝ»ን ከመጀመሪያ ይሸሹና በ«ኦልዞው» ወይም በ«ዌርአዝ» ተመሳሳዩን ጎዶሎ ይጽፋሉ፤ ስለ እነዚህ ማንም አልነገራቸውማ።

በተቃራኒው «ኤንድ»፣ «በት» እና «ሶ» ዓረፍተ ነገር ቢጀምሩም ጎዶሎ አያደርጉትም፤ በመደበኛ ጽሑፍ ደጋግሞ መጠቀማቸው ባይወደድም ይህ የአጻጻፍ ጣዕም ጉዳይ ነው። «ሃውኤቨር» እና «ዜርፎር»ም እንዲሁ ጥገኛ አያደርጉም።

ተከታይ ጎዶሎዎች የምላቸውም አሉ። ጸሐፊው ዓረፍተ ነገሩን በሚገባ ጽፎ በነጥብ ይዘጋና አንድ ማብራሪያ ትዝ ሲለው በአዲስ መስመር ይጨምራል፦ «ዊች ሪዱስድ ዜር ኢንካም።» ወይም «ሰች አዝ ሜይዝ፣ ጤፍ ኤንድ ሶርገም።» ወይም «ኤስፔሺያሊ ኢን ሊሙ።» እነዚህ ሁሉ ከፊታቸው ያለው ዓረፍተ ነገር ጭራ ናቸው፤ ነጥቡን አንሥቶ ኮማ ማድረግ ብቻ ይበቃል። «ፎር ኤግዛምፕል» ግን በጥንቃቄ ይታይ፤ ከእርሱ በኋላ ባለቤትና ግሥ ከተከተሉ ሙሉ ነው፣ ስሞች ብቻ ከተዘረዘሩ ግን አይደለም።

ጥርጣሬ ሲያድርብኝ የምጠቀምበት አንድ ተጨማሪ ፈተና አለ። ከጽሑፉ ፊት «ኢት ኢዝ ትሩ ዛት» የሚለውን አኖራለሁ። «ኢት ኢዝ ትሩ ዛት ኢት ዋዝ ድራይድ ኦን ሬይዝድ ቤድስ» ያለ እንቅፋት ይነበባል፤ «ኢት ኢዝ ትሩ ዛት ቢኮዝ ዘ ሬይን ስቶፕድ» ብሎ ግን ማቆም አይቻልም። ፈተናው ለጥያቄና ለትእዛዝ አይሠራም፤ ሁለቱም በዚህ ፈተና ቢወድቁም ሙሉ ናቸው። የምርምር ጽሑፍ ውስጥ ትእዛዝ ስለማይገኝ፣ ጥያቄም በመጠይቁ ቅጽ ላይ ካልሆነ ብዙ ስለማይኖር፣ ይህ ድክመቱ እምብዛም አላስቸገረኝም። የኮምፒዩተሩ የጽሑፍ ማረሚያ አንዳንዱን ጎዶሎ ያሰምርበታል፤ አንዳንዱን ዝም ብሎ ያሳልፋል፤ ርእስን ደግሞ አንዳንዴ እንደ ስሕተት ይቆጥራል። እንደ ጠቋሚ እንጂ እንደ ዳኛ አልጠቀምበትም።

ጎዶሎ ሁሉ ስሕተት አለመሆኑም መነገር አለበት፤ ይህን ሳላስረዳ የቀረሁ እንደሆነ ተማሪዎች የምዕራፍ ርእሶቻቸውን ሳይቀር ግሥ ሊጨምሩባቸው ይነሣሉ። ርእስ፣ የሠንጠረዥ መጠሪያና የሥዕል መግለጫ ዓረፍተ ነገር እንዲሆኑ አይጠበቅም። የጥናቱ ዓላማዎች ተዘርዝረው «ቱ አሴስ»፣ «ቱ ዲተርሚን» እያሉ ሲጀምሩም የተለመደ አቀራረብ ነው፤ ነገር ግን ያው ዓላማ በመግቢያው አንቀጽ ውስጥ ሲጻፍ «ዚስ ስተዲ ኤይምስ» ወይም የመሳሰለ ባለቤትና ግሥ ይፈልጋል። በልብ ወለድና በማስታወቂያ ደግሞ ጸሐፊዎች ሆን ብለው ይጠቀሙበታል፤ ያ ለእነርሱ የተተወ ነው።

እርማቱን በተመለከተ ብዙ የምለው የለኝም፤ ወይ ከጎረቤት ዓረፍተ ነገር ጋር ይያያዛል፣ ወይ ጥገኛ አድራጊው ቃል ይነሣል፣ ወይም የጎደለው ግሥ ይጨመራል። አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ ልጨምር፦ ጎዶሎን የፈራ ሰው ነጥብን ሁሉ ወደ ኮማ መለወጥ ይጀምርና ሁለት ሙሉ ዓረፍተ ነገሮችን በኮማ ብቻ ያጣብቃል፤ «ዘ ሬይን ስቶፕድ፣ ዘ ፋርመርስ ስፕሬድ ዘ ኮፊ» የሚለው በእንግሊዝኛ ሌላ ስሕተት ነው። ለማረም ስቀመጥ ጽሑፉን ከመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ጀምሬ ወደ ኋላ አነበዋለሁ፤ ከላይ ወደ ታች ሲነበብ ያለፈው ሐሳብ የጎደለውን እየሞላ ያልፋል፣ ከታች ወደ ላይ ሲነበብ ግን እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር በራሱ አቅም መቆም አለመቆሙ ይታያል። አድካሚ ነው፤ ለረጅም ጽሑፍ ቢያንስ የዘዴውንና የውይይቱን ምዕራፎች እንዲህ ማንበብ ይበቃል።

መሞከር ለሚፈልግ አንባቢ አራት ጽሑፎች ልተው፦ «ሃቪንግ ፊኒሽድ ዘ ኢንተርቪውስ ኢን ሰቃ ጨቆርሳ።» «ሰም ሪፊውዝድ።» «ዘ ፕራይስ ዛት ዘ ትሬደርስ ፔይድ ኢን ኖቬምበር።» «ዋት ዘ ፋርመርስ ኒድ ኢዝ ክሬዲት።» የመጀመሪያው ቃለ መጠይቁን ከጨረሱ በኋላ ማን ምን እንዳደረገ ስለማይናገር ጎዶሎ ነው። ሁለተኛው አንዳንዶች እምቢ አሉ ማለት ነው፤ «ሰም» ባለቤት፣ «ሪፊውዝድ» ማሰሪያ ስለሆኑ ሙሉ ነው። ሦስተኛው ውስጥ «ፔይድ» ግሥ ቢሆንም «ዛት» ስለወሰደችው ዋጋው ምን እንደሆነ አልተነገረም፤ «ዋዝ ሎው» ቢጨመርበት ይሟላል። አራተኛው በ«ዋት» ቢጀምርም ሙሉ ነው፤ «ዋት ዘ ፋርመርስ ኒድ» የሚለው በጠቅላላው ባለቤት ሆኖ ተቀምጧል፤ «ኒድ» ለእርሱ የዋለ ግሥ ሲሆን ዓረፍተ ነገሩን የሚያስረው «ኢዝ» ነው።